መጀመሪያ በጣት ይዙር

ዱባይ ያለችው ታላቅ እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት በሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከችልኝ። ሽቶ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ሽቶ የለም። ስስ የኮምፔርሳቶ ገበታዎች፣ አንድ መመሪያ፣ ጥቂት ስቴኪኒና ላስቲክ። ገበታዎቹ ላይ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ዙሪያቸውን ተቆርጠዋል፤ ግን ገና አልወጡም። ካርቶኑ የተቃጠለ እንጨት ይሸታል። ደወልኩላት።

«ትራክተር ነው» አለችኝ።

«የታለ ትራክተሩ?»

«አንቺ ነሻ የምትሠሪው! ማታ ማታ ስልክ ከምትጎረጉሪ ብዬ ነው።»

እኔ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ብር ስቆጥር ነው የምውለው። በአራት ምሽት ጨረስኩት። ላስቲኩን ወጠርኩ፣ ማንሻውን ለቀቅኩ፤ ትራክተሩ ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። «እንዳይፈርስ» ብዬ መጋጠሚያውን ሁሉ ኮላ ቀብቼው ነበር። ኮላው እስከ አክስሉ፣ ጎማው እስከሚዞርበት ዘንግ ድረስ፣ ሰርጎ ጎማዎቹን ከትራክተሩ የጎን ግድግዳ ጋር አጣብቋቸዋል። ያ ትራክተር ዛሬም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። እናቴ እንግዳ ሲመጣ «ነዳጅ ጨርሶ ነው» እያለች ታሾፍብኛለች።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ የሚገጣጠሙ የእንጨት ማሽኖች ሰባት ሠርቻለሁ። ስድስቱ ይንቀሳቀሳሉ። ሰባተኛው ጋ መጨረሻ ላይ እንደርሳለን።

ነገሩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገራችሁ። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ፕላይውድ (ያው ኮምፔርሳቶው) በሌዘር ይቆረጣል። ሚስማር የለም፣ ብሎን የለም፣ ኮላም የለም (ያው ለእኔ ማን በነገረኝ)። ቁራጭ ከቁራጭ ይሰካካል። አክስሉ ብዙ ጊዜ ስቴኪኒ ነው፤ ሞተሩ ላስቲክ። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ይሄዳል፣ ይሽከረከራል፣ ኳስ ያንከባልላል፣ አንዳንዱም ሰዓት ይቆጥራል። በዚህ ሥራ ስማቸው ከገነነው አንዱ በፈረንጆች 2014 የተቋቋመው የዩክሬኑ ዩጊርስ ነው። የቻይናው ሮቦታይም ደግሞ ሮከር በሚል ስም ይሸጣል። ካርቶኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ልብስ ሥር ይገባል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከጫማ ይልቅ ይሄን ማስላክ ይቀላል፤ ቁጥሩ ጠበበኝ ሰፋኝ የለውም።

የመጀመሪያ ምርጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዓይን የሚገባው ትልቁ ነው። የዩጊርስ ባለ ተጎታች ባቡር 538 ቁራጭ አለው፤ ትራክተሩ 97 ነው። በ97ቱ ጀምሩ። እንደኔ እንደኔ ደግሞ ከላስቲክ ይልቅ በእጅ መዘውር የሚሽከረከር ይሻላል። መዘውሩን ስታዞሩ የት ጋ እንደከበደ እጃችሁ ይነግራችኋል፤ ላስቲክ ግን ወይ ይሄዳል ወይ ዝም ይላል። ሰዓት የሚባለውን ለጊዜው እርሱት።

ሰፌድ፣ ሻማ፣ ጥፍር መቁረጫ

ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ያለው ይበቃል። ሰፌድ፣ ነጭ ሻማ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ስለቱ አዲስ የሆነ ከተር፣ እርሳስ።

ሰፌዱ ቀልድ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ስሠራ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ወድቃብኝ ሶፋውን ገልብጬ ፈልጌያለሁ። እናቴ ምስር ስትለቅም አይቼ ነው የነቃሁት። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሠራ የወደቀው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ትንሿ ቁራጭ እንኳ ነጥላ ትታያለች ደግሞ። መብራት ሲጠፋም ሰፌዱን እንዳለ አንስቼ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ካርቶኑን እንደከፈታችሁ ቁራጮቹን ሁሉ ፈልቅቃችሁ አታውጡ። እኔ ሁለተኛው ላይ እንደዚያ አድርጌ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ጥርስ ስቆጥር ዋልኩ። ባለ አሥር ጥርሱና ባለ አሥራ ሁለት ጥርሱ ጎማ ተነጥለው ሲታዩ መንትያ ናቸው። መለያ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ገበታው ላይ፣ ከቁራጩ ጎን ነው፤ ቁራጩ ከወጣ ስሙን ትቶ ወጣ ማለት ነው። መመሪያው ለዚያ ደረጃ የጠየቀውን ብቻ አውጡ።

ሲወጣ ደግሞ እንዲህ ነው። ሌዘሩ ዙሪያውን ሲቆርጥ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ቀጭን ድልድይ ሳይቆርጥ ይተዋል። ቁራጩን ገበታው ላይ የያዘው እሱ ነው። ገበታውን ገልብጡት፤ በአንድ እጅ ዙሪያውን ደግፉ፤ በሌላው አውራ ጣት ድልድዩ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ግፉ። መሃሉን ከገፋችሁ ቀጭኑ ነገር ይሰበራል። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ በከተሩ ጫፍ ድልድዩን ነካ አድርጉትና ይወጣል። ጣታችሁ ቡናማ ይሆናል፤ የሌዘሩ ጥላሸት ነው። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትቀመጡ። እኔ ጋቢዬን በዚህ አበላሽቻለሁ።

ድልድዩ የነበረበት ቦታ ላይ እሾህ የምታህል ነገር ትቀራለች። ጥርስ ላይ ወይም አክስል የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ከሆነች በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስቴ አሸት ማድረግ ነው። ከዚያ አቁሙ። ጥርሱን «ላሳምረው» ያለ ሰው ጥርሱን ያሳንሰዋል፤ ያነሰ ጥርስ ደግሞ ጭነት ሲመጣበት ይዘላል። እርስ በርስ የሚሰካኩትን ጫፎች ፈጽሞ አትንኩ። ኮላ በሌለበት የሚይዛቸው ጥበቱ ብቻ ነው።

ሻማው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እንጨት በእንጨት ላይ በሚፈተግበት ቦታ ሁሉ ሻማ ይቀባል፤ የጥርሶቹ ፊት፣ አክስሉ፣ ጎማው ከግድግዳው ጋር የሚነካካበት ቦታ። አንዳንዱ ካርቶን ውስጥ ሰም አብሮ ይመጣል። ካልመጣ ተራ ነጭ ሻማ ይበቃል። አታቅልጡት። ቀዝቃዛውን ሻማ እንደ ጠመኔ ይዛችሁ እሹት፤ ጥርስ መሃል የተጠራቀመውን ፍርፋሪ በስቴኪኒ ጫፍ አውጡት። አንዴ ሻማ አልቆብኝ በጧፍ ሞክሬ ነበር። የጧፍ ሰም የንብ ስለሆነ ለስለስ ብሎ ይጣበቃል፤ ጎማው መንሸራተቱን ትቶ መለጠፍ ጀመረ። ጧፉ ለቤተ ክርስቲያኑ ይቅር። ዘይትም አይሆንም፤ እንጨቱ ይጠጣዋል።

ስቴኪኒውን ሲቆርጡ ጥፍር መቁረጫ ከፒንሳ ይሻላል። ፒንሳ ይጨፈልቀዋል፤ ጫፉ ከተጨፈለቀ ቀዳዳው ውስጥ አይዞርም። ከካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ደግሞ ለሌላ ነገር አትጠቀሙበት። የሱቁ ስቴኪኒ ውፍረቱ ከአንዱ አንዱ ይለያያል። ካለቀባችሁ ከአንድ ፓኮ ውስጥ ቀዳዳው ላይ እየሞከራችሁ ምረጡ። እናቴ ከምሳ በኋላ የምትፈልገውን ስቴኪኒ ሳሳጣት ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም።

የጣት ሕግ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትይዛላችሁ ብባል ይሄን ያዙልኝ፦ ላስቲክ ከመወጠሩ በፊት በጣት ይዙር። መጨረሻ ላይ አይደለም የምላችሁ። በየደረጃው።

አንድ ጎማ አክስሉ ላይ ገባ? በጣት ጫፍ መታ አድርጉት። ሳይንገራገጭ ይዞራል ወይ? ሁለተኛው ሲጨመር ሁለቱን አንድ ላይ አዙሩ። ሦስተኛው ሲመጣ ሦስቱን። ከበደ? እዚያው ቁሙ። ጥፋቱ አሁን የገባው ቁራጭ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ የለም። መጨረሻ ላይ ካገኛችሁት ግን ከሃያ ጎማ አንዱን ትጠረጥራላችሁ፣ ግድግዳውን ትነቅላላችሁ፣ ስትነቅሉ ሌላ ትሰብራላችሁ። እኔ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ባለ 24 ጥርስ ጎማ ባለ 8 ጥርሱን ሲያዞር፣ ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ ሦስቴ ይዞራል። ፍጥነት አተረፍን። ግን በነፃ አይደለም። ትንሹ ላይ ያለች ክብደት ትልቁ ጋ ስትደርስ ሦስት እጥፍ ትሆናለች። እንዲህ ያለ ጥንድ ሁለቴ ከተከታተለ ዘጠኝ እጥፍ። ስለዚህ ማሽኑ ፍጥነት የሚጨምር ዓይነት ከሆነ ዋናው ጠላት ላስቲኩ አጠገብ ያለው ትልቅ ጎማ ላይ አይደለም ያለው። ከላስቲኩ በጣም የራቀው፣ በጣም የሚፈጥነው ትንሹ ጎማ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሻማውን ትልቁ ላይ ይጨርሳል። እናንተ ከጫፍ ጀምሩ።

ጎማዎቹ ክፍት ሆነው ደህና ዞረው፣ ሁለተኛው ግድግዳ ሲዘጋ ቀጥ የሚሉበት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ ጥርስ አትመርምሩ። ወይ ግድግዳዎቹ እኩል አልገቡም፣ አንዱ ጥግ ከሌላው ይበልጥ ተጫነ፤ ወይ አክስሉ ጫፍ ላይ ያለው ማቆሚያ ጎማውን ጠፍንጎታል። እኔ የባንክ ደረሰኝ እጠቀማለሁ። ማቆሚያውን ከመግፋቴ በፊት ቁራጭ ደረሰኝ በመሃል አስገባለሁ፣ እስኪነካው እገፋለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ስቤ አወጣለሁ። የወረቀቷ ውፍረት የምታህል ክፍተት ትበቃለች።

ባለፈው ዓመት ኳስ እያነሳ የሚያንከባልል ባለ መዘውር ማሽን ስሠራ የሆነውን ላሳያችሁ። መብራት ጠፍቷል። እኛ ጋ የሚያድገው የእህቴ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ በስልኬ ያበራልኛል። መዘውሩን ሳዞረው ደህና ሄዶ ሄዶ «ቀጭ» ይልና ይይዛል። ገፋ ሳደርገው ያልፋል። ከዚያ እንደገና ቀጭ። ያኔ ድሮ ቢሆን በኃይል አዙሬ ጥርስ እሰብር ነበር።

«ቁጠር» አልኩት። ትልቁ ጎማ ላይ በእርሳስ ጭረት አደረግኩና ቀስ ብዬ ማዞር ጀመርኩ። ጭረቱ ዞሮ ቦታው እስኪመለስ ልጁ «አንድ... ሁለት... ሦስት» አለ። ደገምኩት። አሁንም ሦስት።

በቃ፣ ተያዘ። ጥፋቱ ትልቁ ጎማ ላይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ነበር የሚይዘው። ትልቁ አንዴ ሲዞር ሦስቴ የሚዞረው ባለ 8 ጥርሱ ነው። እሱን አወጣሁት። ስልኩን አስጠግተን ስናይ በሁለት ጥርሶች መሃል፣ ከሥር፣ ያልጠፋች የድልድይ እሾህ አለች። ከላይ አትታይም። ጥፍሬን ሳስገባ ነው የነካኋት። በከተር ጫፍ አንዴ ጫር፣ ሻማ፣ ወደ ቦታው። ከዚያ በኋላ መዘውሩ እንደ ቅቤ ሄደ። ልጁ ኳሶቹን እስኪተኛ ድረስ ሲያንከባልል አመሸ፤ የስልኬም ባትሪ በዚያው አለቀ።

ስለዚህ ማሽናችሁ ሲይዝ ላስቲኩን ፍቱት፣ ጭረት አድርጉ፣ ቁጠሩ። በአንድ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ጥርስ ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ከከበደ ጥርስ አይደለም፤ ግድግዳና ማቆሚያ ነው፣ ወይም ደግሞ ክረምት።

ክረምት ያልኩት ወድጄ አይደለም። ፕላይውድ እርጥበት ይወስዳል። ሐምሌ ላይ የተከፈተ ካርቶን ጎማው ሁሉ ሲጠብብኝ መጀመሪያ ዕቃው ላይ ነበር ያማረርኩት። አሁን ክረምት ከሆነ ገበታዎቹን ከካርቶኑ አውጥቼ፣ አግድም አስተኝቼ፣ ላያቸው ላይ መጽሐፍ ጭኜ ሁለት ሦስት ቀን ደረቅ ክፍል ውስጥ አቆያለሁ። ፀሐይ ላይ አታስጡ። በርበሬ አይደለም። ይጣመማል፤ የተጣመመ ጎማ ደግሞ እየተወላገደ ነው የሚዞረው።

ላስቲክ ላይ ብዙ አልቆይም። መሥሪያ ቤት ብር የምናስርበትን ላስቲክ ልተካ ሞክሬ ነበር፤ ሁለት ዙር ሳይደርስ ተበጥሶ ዓይኔን ለጥቂት ሳተኝ። ሲተካ በርዝመትም በውፍረትም ከመጣው ጋር የሚመሳሰል ይሁን። ሰው ካልሄደለት ጠንከር ያለ ላስቲክ ይጨምራል፤ ያኔ ጥርስ ይረግፋል። ክብደቱን ሳያጠፉ ጉልበት መጨመር ነው ይሄ። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ፈታችሁ አስቀምጡት። ተወጥሮ የከረመ ላስቲክ ይደክማል፣ እንጨቱንም እየሳበ ያጣምማል።

ቁራጭ ከተሰበረስ? ኮላ የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። የአናጢ ነጭ ኮላ፣ በስቴኪኒ ጫፍ፣ ስባሪው ላይ ብቻ። የተረፈውን ወዲያው በጨርቅ ጥረጉ፤ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፤ እስከ ነገ አትንኩት። የጎማ ጥርስ ከሆነ ግን ኮላ ብዙ አይቆይም። የቁራጩን ቁጥር ይዞ አምራቹን መጠየቅ ይቻላል። እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው። በሌዘር ማስታወቂያና የሠርግ ጥሪ የሚቆርጡ ቤቶች አሉ። የተሰበረውን ጎማና አንድ ጤነኛ ትራፊ እንጨት ይዤ ሄድኩ። ትራፊው ለውፍረቱ ነው። «3 ሚሊ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ እኩል አይደለም። ቆራጩ ልጅ መጀመሪያ በኤምዲኤፍ፣ ከእንጨት ብናኝ በተጨመቀ ገበታ፣ ቆረጠልኝ። ያምራል፤ ግን ቀጭን ጥርስ ላይ ይፈረፈራል። በፕላይውድ አስደገምኩት። ሦስት አስቆርጬ ሁለቱን መለዋወጫ አደረግኳቸው።

እንግዲህ ሰባተኛው። አሁን ሰፌዱ ላይ ያለው ፔንዱለም ያለው ሰዓት ነው። አትጀምሩት ያልኳችሁን ራሴ ጀመርኩት። ፔንዱለሙን ለብቻው ሰቅዬ ለካሁት፤ ከተሰቀለበት እስከ ክብደቱ መሃል 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሄዶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። ክብደቱን ዝቅ ሳደርገው ይዘገያል፣ ከፍ ሳደርገው ይፈጥናል። ሜትር ላይ ቢደርስ ሁለት ሰከንድ ይሆን ነበር። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነን።

ችግሩ ጎማዎቹ ናቸው። ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ሌላውን ክብደት ሰቅዬ ለቀቅኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እናቴ እንኳን ከኩሽና ወጥታ ቆማ አየችው። ሦስት ደቂቃ ሄዶ ቆመ። «ይሄኛውም ነዳጅ ጨረሰ?» አለችና ተመለሰች።

ጭረት አድርጌ ቆጥሬያለሁ። አንድ ቦታ ላይ አይደለም የሚይዘው፤ ሁሉም ጋ ትንሽ ትንሽ ከብዷል። ማቆሚያዎቹን በደረሰኝ ፈትሼ ሁለቱን አላልቻለሁ። ጎማዎቹን ከሚያዞረው ክብደት በጣም የራቀውን፣ ፔንዱለሙ አጠገብ ያለውን ቀጭን ጎማ ግን ገና አልነካሁትም። ዛሬ ከሥራ ስመለስ እሱን አወጣዋለሁ። ሻማ ገዝቻለሁ።